የጋሽ በየነ ታሪክ ከአሮጌው ኮምፒዩተር አልወጣም ያለ ቀን

እስቲ ክፉ ሰው ሲቀበር ያየ ካለ ይንገረኝ። እኔ አላየሁም። እዚህ ላፍቶ ስንቱን ቀብሬያለሁ፤ አንዱም ክፉ አልነበረም። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ሁሉም «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ለተቸገረ ደራሽ» ነው። ታዲያ በየአጥሩ ሲያባሉን የኖሩት እነማን ናቸው? ወይስ ክፉዎቹ አይሞቱም?

ጎረቤቴ ጋሽ በየነ፣ አፈር ይቅለላቸውና፣ ይህ ነገር ያንገበግባቸው ነበር። «የእኔን ማንም ዘባርቆ አያነብም። ራሴ ጽፌ አስቀምጫለሁ» ይሉ ነበር። የጻፉት ደግሞ በኮምፒዩተር ነው። ፈረንጅ አለቃቸው አገሩ ሲገባ ጥሎላቸው የሄደ፣ ይዘውት የሚዞሩት ዓይነት ኮምፒዩተር። ይዘውት የሚዞሩት ሲባል በብብት የሚያዝ እንዳይመስላችሁ። የስፌት መኪና ያክላል! ባትሪው ሞቶ ስለነበር ግድግዳ ላይ ካልተሰካ አይነሣም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በረንዳቸው ላይ ሽቦ ስበው ቀጭ ቀጭ ሲያደርጉ እንሰማቸዋለን።

ጋሽ በየነ ክፉ አልነበሩም። ምስጋና ግን ከአፋቸው አይወጣም። ባለቤታቸውን እትዬ አስካለን በትዳር ዘመናቸው ሁሉ አንድ ቀን «ወጡ ጣፍጧል» ብለዋቸው አያውቁም። እትዬ አስካለ ሲከፋቸው «ምናለ አንድ ቀን ደህና ቃል ቢናገሩኝ?» ይላሉ። መልሱ አንድ ነው፤ «ስለ አንቺ ያለኝን ጽፌዋለሁ። ስሞት ሲነበብ ትሰሚያለሽ።» ይኼ ለሚስት የሚሰጥ መልስ ነው? ባሏ ዕድሜ እንዲያገኝ ትጸልይ፣ ወይስ የጻፈውን ለመስማት ትቸኩል?

አይቀር ነውና፣ ሞቱ። ጠዋት ድንኳን ስንተክል እትዬ አስካለ ከለቅሶው መሀል አስጠሩኝ። «ተክሌ ወንድሜ፣ የጻፉትን አስወጣልኝ። ዛሬ ይነበብልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግ» አሉኝ። እሺ አልኩ። የሟች ቃል አደራ ነው።

የሟች የእኅት ልጅ ሰለሞን ኮምፒዩተር ተምሯል። «ቀላል ነው ጋሼ» አለኝ። «ፋይሉን በፍሎፒ እንገለብጥና በአዲስ ኮምፒዩተር አሳትመን እንመጣለን።» አሮጌውን ሰካው። እንደ ወፍጮ አጉረመረመና ጥርት ያለ አማርኛ አወጣ። «እኔ በየነ…» ይላል፣ በዓይኔ አንብቤያለሁ። አማተብኩ። ሰለሞን ታሪኩን ፍሎፒ በምትባል እንደ ብስኩት በሳሳች ነገር ላይ ገለበጠው። በታክሲ ሳሪስ ወረድን።

ያን ጊዜ ደርግ ወድቆ፣ ኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት እንደ ክረምት እንጉዳይ በየመንገዱ ዳር ብቅ ብቅ ያለበት ጊዜ ነው። ትዕግሥት የምትባል ልጅ ፍሎፒዋን ተቀብላ አዲሱ ኮምፒዩተር ውስጥ ከተተችው። መስኮቱ ባለቀለም፣ ሲያዩት ደስ የሚል። ፋይሉ ተከፈተ። ምን ወጣ ብትሉኝ፤ አማርኛ አይደለም፣ እንግሊዝኛም አይደለም። ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት፣ ቀንድ የበቀለበት ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት በላይ በላዩ። የሚጠይቀው ማንን ነው?

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ?» አልኳት።

«አማርኛው ነው» አለችኝ፣ ምንም ሳይመስላት።

አስረዳችኝ። የአማርኛ ፕሮግራም የሠራ ሁሉ ፊደሉን የደረደረው በየራሱ መንገድ ነው አሉ። የጋሽ በየነ «ሀ» የእሷ ዘንድ ሲደርስ ቅንፍ ይሆናል። የእሷም ጋሽ በየነ ዘንድ ቢሄድ እንዲሁ።

ደሜ ፈላ። አስቡት እንጂ! ፈረንጅ የሠራቸው ሁለቱ ማሽኖች ተግባብተዋል። አንዱ ፍሎፒውን ሰጠ፣ ሌላው ተቀበለ። ያልተግባቡት የእኛዎቹ ናቸው! አንድ ፊደል፣ አንድ ቋንቋ ይዘን፣ አንዱ ሐበሻ የጻፈውን ሌላው ሐበሻ እንዳያነበው አጥር አጠርንበት። እኔ ትምህርቴ ከቄስ ትምህርት ቤት አላለፈም። አያቴ ያወረሱኝ የብራና ዳዊት ግን ስገልጠው ይነበባል። «በማን ፕሮግራም ነው የተጻፍኩት?» ብሎኝ አያውቅም።

ሌላ ቤት ሄድን። እዚያ ደግሞ ባዶ ሣጥን ብቻ ተደርድሮ ወጣ። በቀብር ቀን ሣጥን! ጋሽ በየነ እዚያው አሮጌው ውስጥ ቁጭ ብለዋል፣ እኛ ከተማ ለከተማ እንዞራለን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ተስፋ ቆርጠን ፍሎፒያችንን ለመጨረሻ ጊዜ ለማስሞከር ወደ ትዕግሥት ተመለስን። አሁንም ቅንፍ ነው። አዘነችልን። «አይቸገሩ ጋሼ፣ የተዘጋጀ የሕይወት ታሪክ አለ። ስም ብቻ ነው የምንቀይረው» አለችኝ። ከፈተችው። «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ውድ ባለቤታቸውን አፍቃሪ…»

አሃ! ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ስንቀብር የኖርነው አንድ ሰው ነው!

ልጣላት አሰብኩ። በየትኛው ጊዜ? ሰለሞን «እንውሰደው ጋሼ፣ አስከሬኑ ሊወጣ ነው» አለ። የልጆች ቁጥር ተጨመረና ወሰድነው።

ቤተ ክርስቲያን ተነበበ። ሕዝቡ አነባ። «እውነት ነው፣ ልክ እሳቸው!» ይባላል። በድንበር አብረዋቸው ሲካሰሱ የኖሩት አቶ ሞገስ እንኳ በጋቢያቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ያላለቀሱት እትዬ አስካለ ብቻ ናቸው። «ውድ ባለቤታቸውን አፍቃሪ» የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብለው አዩኝ። እንዲያ ከሚያዩኝ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም አስረዳሁ። ስለ ቅንፉ፣ ስለ ሣጥኑ፣ አገራችን ስለ ደረሰባት ውርደት ጭምር። ቁጣዬን አስጨርሰውኝ ጠየቁኝ።

«አሮጌው ላይ ይነበባል?»

«ጥርት ብሎ!»

«ታዲያ እያያችሁ በእስክሪብቶ አትገለብጡትም ነበር?»

ሰለሞን እኔን አየ። እኔ ሰለሞንን አየሁ። እስክሪብቶው የደረት ኪሱ ላይ ተሰክቷል። ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ነበር። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ኮሌጅ የገባውም ዳዊት የደገመውም አንድ ላይ ደንቁረን ነው የዋልነው።

ወዲያው አሮጌው ማሽን መጣ። ሽቦ ከቤት ተሳበ፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ዙሪያውን ከበበ፣ ሰለሞን ከኮምፒዩተሩ መስኮት ማንበብ ጀመረ። የተወለዱበት፣ የሠሩበት፣ ያልወደዷቸው አለቆች፣ ሁሉም አለ። «ሞገስ የሚባለው ጎረቤቴ ድንበሬን በአንድ ክንድ ገፍቶኛል» የሚል ላይ ሲደርስ አቶ ሞገስ ንፍሮ እየዘገኑ ነበር። እጃቸው አፋቸው ሳይደርስ ቀረ።

መጨረሻው ላይ ሰለሞን ድምፁን ዝቅ አደረገ። እትዬ አስካለ ወደ ማሽኑ ጠጋ አሉ።

«ስለ ባለቤቴ ስለ አስካለ። የገዛ ሚስትን ሕዝብ ፊት ማውራት ነውር ነው። የምላትን እሷ ታውቀዋለች።»

ሌላ የለም። ሰለሞን ቁልፉን እየተጫነ ወደ ታች ወረደ። ባዶ ነው።

ተናደድኩ። ለዚህ ነው ሳሪስ ድረስ የተንከራተትኩት? ሴትዮዋ ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ለዚህ ነው? ምን ብዬ እንደማጽናናቸው ሳስብ እትዬ አስካለ ሳቁ። በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«አዎ፣ አሁን ገና የእኔ ባል ተነበበ!» አሉ። «ያኛውማ ማን እንደሆነ እንጃ፣ ሌላ ሰው ያስቀበራችሁኝ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ እንባቸው መጣ፤ ቀብሩ ላይ እንቢ ያለው እንባ።

እትዬ አስካለ ከባላቸው ታረቁ። አቶ ሞገስም ሲከራርሙ አጥራቸውን በአንድ ክንድ መለስ አድርገው ተከሉ። የቀረሁት እኔ ነኝ። ጠዋት ዳዊት ስደግም «የወንድሜን የበየነን ነፍስ ማርልኝ» እላለሁ፤ ከልቤ ነው። እሱ ይማራቸው፤ እኔ ገና አልማርኳቸውም።