ኖጋ የሣለችው የአራስ ጎጆ

ሁለተኛ ልጅ ስትወልዱ መካሪ አይጠፋም። እዚህ እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ ውስጥማ የአውቶቡሱ ተሳፋሪ ሁሉ መካሪ ነው። አንዷ ለትልቋ ስጦታ ግዙላት ትላለች፤ ሌላዋ ተዉ፣ ትቀብጣለች ትላለች። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፤ የሰማሁትን ሁሉ እሞክራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ አስቴር ወንድ ልጅ ወለደች። የአምስት ዓመቷ ልጃችን ኖጋ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቷን መቅረብ ተወች። መኝታ ቤቱ በር ላይ ትቆማለች እንጂ ደፉን አታልፍም። አስቴር እጇን ዘርግታ ስትጠራት ወደ ኋላ ትሸሻለች። ብስኩት ስትበላ ደግሞ ግማሹን ደፉ ላይ አስቀምጣ ትሮጣለች። ሕፃኑን ይዤ ስንጎራደድ ስንቱን ረገጥኩት መሰላችሁ! ንዴቷን እየተወጣችብን ነው አልኩ። አስቴር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች። የገዛ ልጇ ስትሸሻት ምን ታድርግ?

የተመከርኩትን ሁሉ ስሞክር ሁለት ወር አለፈ። በመጨረሻ እዚህ ጋን ወደምንለው መዋዕለ ሕፃናት ሄጄ ለመምህርቷ ነገርኳት። ቅናት ነው፣ አይዞህ አለችኝ። ልጅ በአፉ ያልተናገረውን በቀለም ያወጣዋል፤ ቤተሰቧን እንድትሥል አደርጋለሁ አለች። ደስ አለኝ። ግን ማን ችሎ ይጠብቅ? በማግስቱ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬን ሳገላብጥ ዋልኩ።

ደወለች። ቶሎ ና አለችኝ። ስደርስ ሥዕሉን ዘረጋችልኝ። ትልቅ ቤት አለ፤ ውስጡ እኔ፣ ኖጋና ነጠላ የለበሰችው እናቴ። ራቅ ብሎ አንዲት ትንሽ ጎጆ፤ ዙሪያዋን ድንጋይ። ጎጆዋ ውስጥ አስቴርና ሕፃኑ። መምህርቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅቷ እናቷንና ወንድሟን ከቤት አስወጥታ አጥር አጥራባቸዋለች፣ ባለሙያ ቢያያት ይሻላል አለች።

ሥዕሉን ጠቅልዬ ወደ ቤት በረርኩ። እናቴ ሮቫ ጊሜል ከሚባለው ሰፈሯ መጥታ ሕፃኑን ታቅፋለች። አንዴ ቆሜ፣ አንዴ ተቀምጬ ባለሙያ ምናምን እያልኩ ስለፈልፍ እሷ ሥዕሉን አይታ ፈገግ አለች።

«የአራስ ጎጆ ናት እኮ! እኔ ነኝ የነገርኳት።»

ለካ አስቴር ሐኪም ቤት ሳለች ኖጋ እማዬ መቼ ትመጣለች እያለች ስታስቸግራት፣ እናቴ የጎንደሩን ልማድ አጫውታት ኖሯል። በቤተ እስራኤል መንደራችን የወለደች ሴት ከሕፃኗ ጋር ለብቻዋ ጎጆ ትገባለች። ቀኗ እስኪሞላ፣ ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን፣ ማንም አይነካትም፤ ምግቧን ጎጆዋን በከበበው ድንጋይ ላይ አኑረውላት ይመለሳሉ። ሲሞላ ወንዝ ወርዳ ታጥባ ቤቷ ትገባለች።

ኖጋን ጠርቼ እማዬን ለምን አትነኪያትም አልኳት።

«ሳብታ አይነካም ብላለቻ!» አለች አያቷን እያየች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። «ቀኗ መቼ ነው የሚሞላው?»

አያችሁልኝ? እኛ ቀናች ስንል እሷ ሥርዓት ጠብቃ እናቷን ስትመግብ ከርማለች። አስቴር ልታቅፋት ስትነሣ አሁንም ሸሸች። ብናስረዳ፣ ብንምል፣ ወይ ፍንክች! ይሄኔ እናቴ ብድግ አለች።

«ቀኑማ ካለፈ ሰነበተ። የጠፋው ወንዙ ነው። ተነሡ፣ ባሕሩ ምን ሆነና!»

አስቴር ቀሚሷን እንደለበሰች ባሕር ገባች። ዳር ዳሩን የሚንሸራሸረው ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል፤ ይየው። ከውኃው ብቅ ስትል ኖጋ ከነጫማዋ ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

ከዚያ ወዲህ ኖጋን ከእናቷ የሚያላቅቃት ጠፋ። መጸዳጃ ቤት ድረስ ትከተላታለች። አልጋችን ላይ አስቴር መሃል፣ ሕፃኑ በአንድ ጎን፣ ኖጋ በሌላው ጎን ናቸው። እኔ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ነኝ።

ትናንት መምህርቷ እንደገና ደወለችልኝ። ኖጋ አዲስ ሥዕል ሥላለች፤ እናትና ሁለት ልጆች አልጋ ላይ ተቃቅፈው ይስቃሉ። አባትሽስ ብላ ብትጠይቃት፣ ቦታ አልበቃም አለቻት። መምህርቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለመሆኑ አንተና ባለቤትህ ሰላም ናችሁ አለችኝ። ይሄንንስ በየትኛው የጎንደር ልማድ ላስረዳት?