ፍሪሲዮንና እርካብ

መኪና ስትታመም ሐኪም አይጠፋም። ልብ ብለህ ታውቃለህ? ኮፈኗን ከፍተህ መንገድ ዳር ቁም ብቻ፤ ገበያተኛው፣ እረኛው፣ ቄሱ፣ ሁሉም መድኃኒት ይዞልህ ይመጣል። እኔ ይህን ያወቅሁት በጃንሆይ ዘመን፣ እስቴ ውስጥ ሹፌር ሳለሁ ነው።

ሹፌር ስልህ መሪ ይዤ አልተወለድኩም። መካነ ኢየሱስ ከተማ እህል የሚነግዱት አቶ ተገኘ ዘንድ በቅሎ ጫኝ ነበርኩ። ዕድሜዬ ኮርቻ ላይ አለቀ ብትል ይሻላል። እሳቸው ከጣሊያን የተረፈች አሮጌ የጭነት መኪና ሲገዙ፣ እኔን ጎንደር ሰደው መንዳት አስተማሩኝ። ደስታዬን አትጠይቀኝ! ዳሩ ምን ያደርጋል፣ ሦስት ወር ሳይሞላ ሁለት ጊዜ ዳገት ላይ ቆመችብን። አቶ ተገኘ ሦስተኛ ከቆመች እሷን እንደሚሸጡ፣ እኔንም ወደ በቅሎዎቹ እንደሚመልሱኝ ማሉ። ወደ በቅሎ! ሹፌሩ እያለ የሚያከብረኝ አገር ምን ይለኛል?

አንድ የጥር ጠዋት ገብስ ጭነን ወደ ደብረ ታቦር ተነሣን። አቶ ተገኘ በመስኮቱ በኩል፣ መሪጌታ ላቀው የሚባሉ የቅኔ መምህር ደግሞ መካከላችን ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ዳገት እኩሌታ ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ፈቅ አትልም። የተቃጠለ ጨርቅ ይሸታል። አለቀልኝ!

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ገበያተኛው ወዲያው ከበበን። አንዱ ውኃ ጠምቷት ነው አለ። አንዷ ቡዳ በልቷታልና ማተብ እሰሩላት ብላ መከረችን። እኔ የተማርኩትን አስታወስኩ። ማርሹ ሲገባ ቢንቋቋ ወይ እየዘለለ ቢወጣ የማርሹን ቤት፣ ካምቢዮውን፣ እጠረጥር ነበር። እሱ ግን ያለ ኮሽታ ይገባል። እንግዲህ ሲረገጥ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው፣ ሲለቀቅ የሚያያይዘው ፍሪሲዮን ይሆን? የእጅ ፍሬን ስቤ፣ ትልቁን ማርሽ አስገብቼ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁት። ጤነኛ ብትሆን ሞተሩ እዚያው ድርግም ይል ነበር። እሷ እቴ! ታጓራለች። የፍሪሲዮኑ ሸራ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። አገኘሁት ብዬ ጮህኩ! አቶ ተገኘ መድኃኒቱንስ አሉኝ። መድኃኒቱ አዲስ ሸራ፣ ሸራው ያለው አዲስ አበባ። ፊታቸው ጠቆረ።

ይኼኔ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጎማዋን በዱላቸው ነካ አድርገው፣ «አሳርፏት እንጂ ልጆቼ፣ ደክሟታል» አሉ። በሆዴ ሳቅሁባቸው። ግን ምን ምርጫ አለ? አሳረፍናት። ቆሎ ቆረጠምን። ከዚያ ባስነሣት ዳገቱን ተያያዘችው! ለካ ሸራው ሲቀዘቅዝ መልሶ ይይዛል። ደስታችን ግን ከሁለተኛው ዳገት አላለፈም፤ ያ ሽታ መጣ።

መሪጌታ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ግራ እግርህ እዚያ ምን ይሠራል?» አሉኝ።

ወደ ታች ባይ፣ እግሬ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል! ለካስ ዳገት ባየሁ ቁጥር እንደ በቅሎ እርካብ ፈልጎ ይረግጥ ኖሯል። እኔ ረግጬው ሸራው እንዴት ይያዝ? እግሬን አነሣሁ። መኪናዋ አጓርታ ዳገቱን ወጣችው! ወንድ ልጅ ነኝ ሳልል እልል አልኩ።

አናቱ ላይ ስንደርስ አቶ ተገኘ አቁም አሉኝ። መኪናዋ ጤነኛ፣ በሽታው እኔ መሆኔ ገብቷቸዋል። «ውረድ!» አሉ። ወረድኩ። እሳቸውም ግቢያቸው ውስጥ ሲለማመዱ ከርመዋልና፣ እግር ማንሣት ብቻ ከሆነማ ደመወዝ ለምን እከፍላለሁ ብለው መሪውን ጨበጡ። እኔ በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ በቅሎዎቹን በዓይነ ሕሊናዬ አየኋቸው። ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

ሦስተኛው ዳገት መጣ። ሽታውም መጣ። አንገቴን አስግጌ ባይ፣ ዕድሜ ልካቸውን በቅሎ የጋለቡት ጌታዬ ግራ ጫማቸውን ፔዳሉ ላይ ተክለውታል! መሪጌታን አየኋቸው። እሳቸውም አይተዋል። የጸሎት መጽሐፋቸውን አውጥተው ማነብነብ ጀመሩ።

«ምን ሆነች ደግሞ?» አሉ አቶ ተገኘ።

«ሸራው ነው ጌታዬ» አልኩ። «ለእርስዎ አትመችም። አመሏን የለመደ ሹፌር ትፈልጋለች።»

ወርደው መሪውን አስረከቡኝ። ደብረ ታቦር ሳንቆም ገባን። መሪጌታ ሲወርዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ መዋሸት ኃጢአት መሆኑን ገሠጹኝ።

«ታዲያ እርስዎ እውነቱን ለምን አልነገሯቸውም?» አልኳቸው።

«እኔማ ጸሎት ላይ ነበርኩ» አሉኝ።