ለድመት የተሰጠ ጉርሻ

ውሻ የሚፈራ ሰው ሁሉ፣ ጥርስን በመጠኑ የሚለካ የዋህ ነው። እኔም ከየዋሆቹ አንዱ ነበርኩ። እዚህ ስዊድን፣ ሱንድቢበሪ ከተማ፣ ትልቅ ውሻ ባየሁ ቁጥር መንገድ እሻገራለሁ። ባለቤቱ "አይነክስም፣ ደግ ነው" ይለኛል። እሺ፣ ደግ ይሁን፤ ደግነቱን ከማዶ ሆኜ አደንቃለሁ። ድመትን ግን... አይጥ ካልሆናችሁ በቀር ድመትን ማን ይፈራል?

ጎረቤታችን ብሪጊታ ቅዳሜና እሁድን ገጠር ቤቷ ልታሳልፍ ስትሄድ፣ ሲክስተን የሚባል ድመቷን አደራ ሰጠችኝ። "ደረቅ ምግቡን ሳህኑ ላይ አድርግለትና ውጣ" አለች። እንዴት ነው የምወጣው? እኛ ዘንድ ብቻውን የሚበላ ፍጡር ታይቶ ዝም አይባልም፤ "በሞቴ" ይባላል። ስለዚህ ቅዳሜ ከቤት ቅቅል ዶሮ ይዤ ሄድኩና፣ ጣቶቼን ሰብስቤ፣ ደህና አድርጌ አጎረስኩት።

ሲክስተን ዶሮውንም ተቀበለ፤ አውራ ጣቴንም ተቀበለ።

"ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ" ሲባል ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ደግነቱ ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢያህል ነው። በውሃ ለቅለቅ አድርጌ ቤት ስገባ ባለቤቴ አልማዝ አየችው።

"ሐኪም ይየው።"

"ለድመት ጥርስ? ሰው ይስቅብኛል።"

"ይሳቅብህ፤ ጣትህ ይበልጣል።"

አልሰማኋትም። እሁድ ጠዋት ጣቴ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ትኩሳቱ ለብቻው ነው። አይታጠፍም። እኔ ደግሞ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ እንጀራዬ ያለው መሪው ላይ ነው። ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀ፤ ፈራሁ።

የስዊድንን ሕክምና የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ለነርስ ስትደውሉ፣ የተቆረጠ እግራችሁን በእጃችሁ ይዛችሁም ቢሆን፣ "ማስታገሻ ውሰዱ፣ ውሃ ጠጡ፣ ካልተሻላችሁ ሰኞ ደውሉ" ነው የምትባሉት። እኔም ምክሩን ስለማውቀው ውሃዬን ቀድቼ ነው የደወልኩት።

"ምን ነከሰህ?" አለችኝ ነርሷ።

"ድመት" አልኩ፣ አፍሬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"አሁኑኑ ና።"

ስዊድን "አሁኑኑ ና" ካለቻችሁ ኑዛዜያችሁን አዘጋጁ። አልማዝ እንኳን "ነግሬህ ነበር" አላለችም፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሟ ጣቴን እያገላበጠች አስረዳችን። የድመት ጥርስ ቀጭንና ስል ስለሆነ፣ አፉ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ይዞ ጠልቆ ይገባል። ቀዳዳው ከላይ ቶሎ ይደፈናል፤ ከውስጥ ግን ድግሱ ይቀጥላል። "ብትዘገይ ኖሮ መገጣጠሚያው ሊበላሽ፣ ቀዶ ሕክምናም ሊያስፈልግህ ይችል ነበር" አለች። ቁስሉን አጠበች፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወጋችኝ፣ ፀረ ባክቴሪያ ኪኒንም አዘዘችልኝ።

"ግን ጣትህ እንዴት አፉ ውስጥ ገባ?"

"አጉርሼው ነው።"

"ለምን? ራሱ መብላት አይችልም?"

"በሞቴ"ን ወደ ስዊድንኛ ልተረጉምላት ሞከርኩ። አልማዝ ልታግዘኝ ብላ፣ "እኛ እኮ ሰውንም እናጎርሳለን" አለቻት።

ሐኪሟ ከኮምፒውተሩ ቀና አለች። "የሰው ንክሻም ቀላል አይደለም። የሰው አፍም በባክቴሪያ የተሞላ ነው" አለች፣ እኔን እያየች። አልማዝም አየችኝ።

ብሪጊታ ስትመለስ በፋሻ የታሰረ ጣቴን አሳየኋት። ምስኪን፣ ከልቧ ደነገጠች። "ወይኔ... ሲክስተን በጣም ፈርቶ ነበር?" አለችኝ።

ጣቴ ግን፣ ተመስገን፣ መታጠፍ ጀምሯል፤ ወደ መሪዬም ልመለስ ነው። ያን እሁድ ራት ላይ ግን በቀኝ እጄ መብላት አልቻልኩም። ክፉም ቢሆን ያለ ጥቅም አይመጣም፣ ዛሬ እንደ ሙሽራ ልጎርስ ነው ብዬ አፌን ከፍቼ ጠበቅኩ። አልማዝም አልጨከነችብኝም። ወጡን በእንጀራ ጠቅልላ፣ "በሞቴ" ብላ፣ እስከ አፌ ድረስ አመጣችልኝ... በሹካ።