የሊቀመንበሩ መሳቢያ

በየከተማው፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ማንም ያልሾመው ማንም የማይሽረው አንድ ባለሥልጣን አለ። ሕግ አውጪውም፣ ዳኛውም፣ ይግባኝ ሰሚውም ራሱ ነው። የኛ ሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ያለው አንድ ወንበር ብቻ ስለሆነ ደንበኞቹ «ክቡር ሊቀመንበር» ይሉታል። እኔ «አባዬ» እለዋለሁ።

የሊቀመንበሩ ደንብ ብዙ ነው። ጋዜጣውን አጣጥፎ ያልመለሰ ወረፋው ያልፋል። «እንደ እገሌ ቁረጠኝ» ያለውን መስታወቱ ፊት አቁሞ «መጀመሪያ የእገሌን ፊት ይዘህ ና» ይለዋል። ከሁሉ የሚከብደው ደንብ ግን ይሄ ነው፤ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ፎጣዎቹ ሥር ያለው መሳቢያ ውስጥ ሳያስቀምጥ ወንበሩ ላይ አይወጣም።

ያኔ ሽጉጥን በግልጽ ታጥቆ መሄድ ተፈቅዶ አገሩ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ወረፋ ጠባቂዎቹ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። አንዱ ከተደበቀ የሚታየው ይሻላል ይላል፤ ሌላው ሽጉጥ መታየት ከጀመረ ወዲህ ዳቦ ቤት ወረፋ የሚያከብር ጠፋ ይላል። እኔ የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነበርኩ፤ ግቢ ውስጥ የአባቴን ሥራ ሲጠይቁኝ «የግል ሥራ» ብዬ የማልፍ። አንቀጽ ጠቅሼ፣ የታጠቀን ሰው መከልከል አትችልም ብዬ አባዬን ላስተምረው ሞከርኩ።

«መንገዱን ሕጉ ይዘዝበት» አለኝ አረፋውን እየመታ። «ወንበሯን ለኔ ተዉልኝ።»

አንድ ጠዋት የሱቁ አከራይ መጣ። ልጁን የሚድርበት ቀን ነው። እንኳን ደስ ያለህ ሲባባሉ አባቴ የሰውዬውን ወገብ ማየት ረሳ። ግራ ጉንጩን ላጭቶ ወደ ቀኙ ሲዞር ክርኑ ከጨርቁ ሥር ጠንካራ ነገር ነካ። ምላጩን አጥፎ አስቀመጠ።

«ወደ መሳቢያው» አለ።

«ሕጉ ፈቅዶልኛል። ቤቱም የኔ ነው። ከነገ ጀምሮ ሌላ ቤት ፈልግ ብልህስ?»

«እፈልጋለሁ። ቤቱ ያንተ ነው፤ እጁ ግን የኔ ነው። ሽጉጥ አጠገቡ ካለ ይንቀጠቀጣል። ጉሮሮህ ላይ ይንቀጥቀጥብህ?»

ወረፋ ጠባቂዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ቀልድ መስሎን ነበር፤ ያ እጅ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ማንንም ጭሮ አያውቅም። አከራዩ ከነአረፋው ብድግ ብሎ ወጣ። መተዳደሪያችን አብሮት የወጣ መሰለኝ።

ኋላ እንደሰማነው፣ ግማሽ ፊቱ ነጭ እንደሆነ ገበያውን አቋርጦ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ደረሰ። ያ ሰውዬም ሊቀመንበሩ የጀመረውን እኔ አልጨርስም ብሎ መለሰው። ሲመለስ ሽጉጡን ፈትቶ ለአባቴ ዘረጋለት።

አባቴ በፎጣ ተቀበለው። አጠገቡ ስለቆምኩ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ መሳቢያው ጋ እስኪደርስ ፎጣው ይርገፈገፍ ነበር። ለካ እውነቱን ነው። መሳቢያውን ቆለፈ፤ ምላጩን ዘረጋ፤ እጁ ጸጥ አለ።

የሚቀጥለው ሰኞ ግቢ ውስጥ አንዱ የአባቴን ሥራ ጠየቀኝ። «ፀጉር አስተካካይ ነው» አልኩት። ደንቡንም፣ ሳይጠይቀኝ፣ አንድ በአንድ ነገርኩት።