ቡቺን መቀመጥ ያስተማሩት ጋሽ ቱፋ

ውሻ ሳይኖረው ውሻ ማሠልጠን የሚያውቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ሮቤ ጎረቤቴ ጋሽ ቱፋ አሉ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ውሻው ቡቺ በረንዳው ላይ ካለው ባዶ ወንበሩ አጠገብ ቆሞ አልቀመጥም፣ አልበላም ቢል ጨነቀኝና አማከርኳቸው።

"ትምህርት የሚጀመረው ከመቀመጥ ነው፤ ልክ ሲቀመጥ ዳቦ!" አሉኝ፣ ስልካቸውን እያዩ።

"ተቀመጥ!" ቡቺ እንደቆመ ቀረ። "ታኢ!" በኦሮምኛም ቆመ። በምሳሌ ላሳየው ብለው ከበረንዳው ሥር ጭቃው ላይ ሰባት ጊዜ ተቀምጠው ተነሡ። የሮቤን ጭቃ መቼም ታውቁታላችሁ። ደንብ ደንብ ነውና፣ በተቀመጡ ቁጥር ዳቦውን ራሳቸው በሉት።

"አልማዝ፣ ይሄ ውሻ ደንቆሮ ነው!"

"ኧረ ጋሼ፣ ጨዋ ነው እንጂ! ባለቤቴ ሳይቀመጥ ተቀምጦ አያውቅም።"

ደክሟቸው፣ ከለቅሶው ጀምሮ ማንም ያልደፈረው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ቡቺ አያቸው፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። የተረፈችውንም ዳቦ ከእጃቸው በላ።

"አየሽ፣ አስተማርኩት!" አሉ።

እኔ ምን ቸገረኝ? ትምህርቱ ገና አልገባውም ብዬ በየቀኑ እንዲመጡልን ለመንኳቸው። አሁን ዳቦ የምጋግረው ለሁለት ነው።