በሬ ሲመለስ

እንደ አማርኛ ያለ ቆጣቢ ቋንቋ አላየሁም፤ አንዱን ቃል ይቀጥርና ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። «ማንሳት»ን ውሰዱልኝ። የወደቀ ዕቃ ይነሳል፣ የቀረበ ማዕድ ይነሳል፣ የተረሳ ወሬ በጨዋታ መሐል ይነሳል፣ ጠብ ይነሳል፣ ጠመንጃ ይነሳል። ፎቶም ይነሳል። ወንበር ላይ ተደላድሎ የተቀመጠ ሰው «ፎቶ እየተነሳሁ ነው» ቢላችሁ እናንተን አይገርማችሁም። እኔን ግን ይገርመኛል። ደብረ ታቦር ውስጥ አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ሌላው ሰው እህል ሲያበጥር እኔ ቃል ሳበጥር ነው የምውለውና ትንሽ ታገሡኝ።

በተለይ በግንቦት ጠዋት ይብስብኛል። ያን ጊዜ የጉና ጭጋግ ቁልቁል ይወርድና ከተማችንን ይውጣታል። ባጃጁ ሳይታይ ጥሩምባው ይሰማል። ፊት ለፊታችሁ የቆመው ዛፍ ይሁን ሰው ሳትለዩ «እንደምን አደሩ» ብላችሁ ታልፋላችሁ። ዛፍም ቢሆን ሰላምታ አይጎዳውም። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ እኛ ራሳችን እንዲያ ሆነን ነበር፤ ከእንቅልፉ ነቅቶ ሕልሙ ማለቁን ገና እንዳላመነ ሰው። መድፉ ዝም ካለ ቆይቷል፤ ነገር ግን የጎረቤት በር ጓ ብሎ ሲዘጋ ሰፈሩ በሙሉ ጉርሻውን ይዞ ይደርቃል። ከዚያ እርስ በርስ ተያይተን እንስቃለን። ሳቁም ቢሆን ቶሎ አይመጣም ነበር።

በዚያ ሰሞን ነው ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ አሠልጣኝ ወጣቶቻችንን ሰብስቦ ጥቂት ካሜራዎች ያከፋፈላቸው። ትዕዛዙ አጭር ነበር፤ «ሂዱና ሰላምን አንሱ።» እኔ በሽበቴ ምክንያት «አማካሪ» ተባልሁ፤ ሥራዬ ከፎቶው ሥር የሚጻፈውን አማርኛ ማየት ነው። ልጆቹ በረሩ። ገበያ ዳር ሽንኩርት ለሚሸጡ አንዲት ባልቴት «እማማ፣ ሰላምን ልናነሳ ነው የመጣነው» ቢሏቸው፣ ባልቴቷ ሽንኩርታቸውን በሁለት እጃቸው ከልለው፣

«ኧረ በማርያም! ይችኑ የቀረችንንም ልታነሷት?» አሉ።

አልፈርድባቸውም። በእሳቸው ዕድሜ ስንቱ መጥቶ አንስቷት ሄዷል።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ሰላም ስትጠፋ ምን እንደምንመስል ሁላችንም እናውቃለን፤ ስትኖር ግን መልኳን ልብ ብሎ ያየ የለም። አንዱ ልጅ ነጭ እርግብ ፍለጋ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሲያንጋጥጥ ውሎ፣ ያገኛት ግራጫ ብትሆንበት ዱቄት ነስንሶባት አነሳት። እርግቧ ፎቶው ላይ የተቆጣች የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ትመስላለች። ሌላው በጠራራ ፀሐይ ባጃጁ ውስጥ እግሩን ወደ ውጭ ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ የተኛ ሹፌር አነሳ። እኔ ይችኛዋን ወደድኋት። ሰው እንዲያ የሚተኛው የሚሸሸው ነገር ሲያጣ ነው።

ማስተዋል የምትባለዋ ልጅ ግን ምንም ሳታነሳ ቆየች። ቤተሰቦቿ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከጉና ግርጌ፣ ገብስና ድንች የሚያበቅሉ ገበሬዎች ናቸው። «ጋሼ፣ እኛ ቤት ሰላም የለም፤ የሌለ ነገር እንዴት አድርጌ ላንሳ?» አለችኝና ነገሩን ቀስ በቀስ ዘረገፈችው።

አባቷ አያ ሞላና ጎረቤታቸው አያ ደሴ አበልጆች ናቸው፤ ማስተዋልን ክርስትና ያነሷት የአያ ደሴ ባለቤት ናቸው። (ይኸው፣ ክርስትናም ይነሳል፤ አላልኳችሁም?) ሁለቱ ሰዎች ያላቸው አንድ አንድ በሬ ነው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና የአያ ሞላን ዳለቻና የአያ ደሴን ቦራ በአንድ ቀንበር አጣምደው፣ ዛሬ የአንዱን ነገ የሌላውን መሬት እያረሱ፣ መቀናጆ ሆነው ኖረዋል። ጦርነቱ ሲቃረብ አያ ሞላ ቤተሰባቸውንና ዳለቻን ይዘው ሸሹ፤ አያ ደሴ «ቤት ጠባቂ አያጣ» ብለው ቀሩ። አያ ሞላ ሲመለሱ ቤቱ አለ፣ ጎተራው አለ፣ በሩ የለም። አባታቸው ያሠሩት የዋንዛ በር! ወዴት ሄደ ቢሉ አያ ደሴ «ቁስለኛ ተሸክመንበት ነው» አሉ። የማንን ቁስለኛ? አያ ደሴ ዝም። በሩስ አሁን የት ነው? አሁንም ዝም።

የአያ ሞላ የወንድም ልጅ በዚያው ጦርነት ቀርቷል። ልጁን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ የሰው ልብ ነውና «የልጄን ገዳይ በእኔ በር ተሸክሞት ይሆናል» የሚል ሐሳብ ገባባቸው፤ ከገባም በኋላ አልወጣ አለ። ሰላምታ ቀረ። አያ ደሴ አዲስ በር አሠርተው ቢያመጡ «የምፈልገው የራሴን ነው» ተብለው ተመለሱ። የአያ ሞላ ደጃፍ ላይ ጆንያ ተሰቀለ። ዳለቻና ቦራም በየመስካቸው ቆመው፣ አጥር ለአጥር እየተያዩ ያመነዥኩ ጀመር። ዝናቡ ደግሞ አፋፍ ላይ ነበር። ማስተዋልን እንቅልፍ የነሳት ይህ ነው፤ ዘንድሮም እልሁ ካልበረደ የሁለቱም መሬት ጦሙን ሊያድር ነው።

«እንግዲያው የሌለውን አንሺው» አልኋት። ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም በደንብ አላውቅም ነበር። አስተማሪ አንዳንዴ እንዲህ ይናገራል።

እሷ ግን አንስታ መጣች። ፎቶው ከቤት ውስጥ ወደ ውጭ የተነሳ ነው። ዙሪያው ጨለማ፣ መሐሉ ላይ በር የነበረበት ብርሃን፤ ጆንያው ወደ ጎን ተገልጧል፤ ጭጋጉ እንደ ቤተኛ እንግዳ ደፉን ተሻግሮ ገብቷል። አያ ሞላ ደጃፉ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ከእሳቸው ወዲያ፣ ነጩ ውስጥ፣ የአንድ በሬ ቀንድና ትከሻ በስሱ ይታያል፤ ዐይናችሁን ብታሹ የሚጠፋ ይመስላችኋል። ቦራ ኖሯል። ማስተዋል ፎቶውን ስታነሳ «አባየ፣ ሰላም ለአንቱ ምንድን ነው?» ብላ ጠይቃቸው፣ የመለሱላትን ቃል በቃል ከሥሩ ጽፋለች፤ «ሰላም ማለት በሬ ሲመለስ ነው። አበልጄ ነው የወሰደው። — አያ ሞላ»።

አየሁት። አንድ ፊደል አልተሳሳተም። ይለፍ አልሁ።

የፊደላችንን አመል የምታውቁ እናንተ ገና ድሮ ገብቷችኋል። አያ ሞላ ሲናገሩ «ር»ን ጠበቅ አድርገው ነው፤ በሬ፣ የእኔ በር። ወረቀት ላይ ግን የሚጠብቀውና የሚላላው መልካቸው አንድ ነው። ላላ አድርጎ ያነበበው ሰው የሚያገኘው ያንን የሚያርሰውን፣ ባለ ቀንዱን ነው። ያውም ቀንዱ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ብሎ እየታየ!

ፎቶዎቹ በገበያ ቀን በከተማው አዳራሽ ለሕዝብ ታዩ። አዳራሹ ሞላ። ፊደል የቆጠረው ላልቆጠረው ጮክ ብሎ ያነባል፤ የሚያነቡትም ሁሉ አላልተው ነው። «አይ ጊዜ! የአበልጁን በሬ ወሰደው?» «በጦርነት መሐል?» «ያውም አበልጅ!» የገበያ ወሬ ከባለቤቱ ቀድሞ አገር ቤት ይገባልና፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አያ ደሴ ደጃፍ ደረሰ። ጎረቤቶቻቸው ዳለቻ እዚያው መስክ ላይ ቆሞ እንደሚግጥ እያዩ ነበር፤ የከተማው ሰው ግን ይህን በምን ያውቃል? ገበሬ ብዙ ስም ይችላል፤ ሰነፍ ቢሉት ይችላል፣ ንፉግ ቢሉት ይችላል። «የበሬ ሌባ»ን ግን አይችልም። ልጅ ልጁ የሚወርሰው ስም ነው።

በማግስቱ ማስተዋል አባቷን ይዛቸው መጣች። አያ ሞላ ፎቶው ፊት ወንበር ተሰጥቷቸው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሕልም እንደሚያይ ሰው ያዩታል። «ቤቴ እንዲህ ባዶ ነው እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው። ይህን ጊዜ ውጭ ጫጫታ ተነሳ።

«አያ፣ በሬ አይገባም!» ይላል ዘበኛው።

«ፎቶው ገብቶ የለም እንዴ?» ይላል ሌላ ድምፅ።

ወጣን። አያ ደሴ የቦራን ገመድ ጨብጠው ቆመዋል።

«ሞላ! አገር የበሬ ሌባ አለኝ። ይኸው በሬ። ውሰድና ስሜን መልስልኝ!»

«ማን በሬ አለ?» ብለው ጮኹ አያ ሞላ። «በር-ሬ ነው ያልሁ! በር! የሚዘጋው!»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከዚያ የአያ ደሴ ዕንባ ወደ ጺማቸው ሲወርድ ስናይ ሳቁ ባለበት ቀረ። አያ ሞላም አይተዋል። ወደ ሕዝቡ ዞረው፣

«ስሙኝ! ይህ ሰው በሬ አልሰረቀም። በር ነው የወሰደ። ቁስለኛ ተሸክሞበት ነው» አሉ።

ይህን በገዛ አፋቸው ሲሉት የመጀመሪያቸው ነው። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ማን ነበር፣ ደሴ?»

«አላውቀው። ውሃ ሲል ሰምቼ ነው የወጣሁ። ከየትኛው ወገን ነህ አላልሁትም። በር ላይ የተኛ ሰው መክበዱ እንጂ ወገኑ አይታወቅም፣ ሞላ።»

«ተረፈ?»

«አልተረፈም። መንገድ ላይ አረፈ። እዚያው ቀበርነውና፣ ጅብ እንዳያወጣው በሩን ከላዩ አለበስነው።»

«ታዲያ ምነው ይህን ያህል ጊዜ ሳትነግረኝ?»

«ልብህ ቆስሎ ነበር። ሄደህ በሩን ታነሳበታለህ ብዬ ፈራሁ።»

አያ ሞላ መሬት መሬት እያዩ ቆሙ። የወንድማቸው ልጅ የት እንደወደቀ የሚያውቅ የለም፤ ምን ለብሶ እንደተኛም የነገራቸው የለም። ምናልባት አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ ወገኑን ሳይጠይቅ የሆነ ነገር አልብሶት ይሆናል። ይህን ማሰባቸውን በምን አወቅህ አትበሉኝ፤ ከአጠገባቸው ነበርሁ፤ ትንፋሻቸው ይናገር ነበር። ቆይተው እጃቸውን ዘርግተው የቦራን ገመድ ተቀበሉ።

«ይልበሰው» አሉ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች የአዳራሹ ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ቦራ በመሐላቸው አንገቱን አስግጓል። ማስተዋል ዕንባዋን በትከሻዋ እየጠረገች ካሜራዋን አስተካከለችና «በሉ ተነሱ!» አለች። ሁለቱም ብድግ አሉ። ፎቶው ብዥ ብሎ ነው የወጣው፤ ሁለት ጋቢ ወደ ላይ ሲነሳ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ጥርት ብሎ የሚታይ አንድ በሬ።

ዝናቡ ከገባ በኋላ እንግድነት ሄጄ ነበር። ያ ተመልሶ የነበረው አዲስ በር ተገጥሟል፤ በደንብ ስላልተላገ ጓ እያለ ነው የሚዘጋው። ማስተዋል የመጀመሪያውን ፎቶ ከነጽሑፉ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። አመሌ አይለቀኝምና ብዕሬን አውጥቼ «አያ ሞላ፣ ይህችን ላርማት፤ የተነበበችው ያላሏት ሆና ነው» አልሁ።

አያ ሞላ በክፍቱ በር ወደ ማሳው ተመለከቱ። ጭጋጉ ውስጥ አያ ደሴ ጅራፍ እያጮሁ ዳለቻንና ቦራን ይነዳሉ፤ ሰውየው አይታዩም፣ ድምፃቸው ብቻ ይሰማል።

«ተወው፣ መምህር» አሉኝ። «ምኑን ታርመዋለህ? ያልሁት አልተመለሰ፤ የተመለሰው ያላልሁት ነው።»