ድንች የተለወሰበት ስሜ

ሰው እህሉን በጎታ፣ ልብሱን በሣጥን ይከታል፤ ስሙን ግን ለጠየቀው ሁሉ ሜዳ ላይ ያሰጣዋል። እናንተስ አታሰጡትም? በእኛ በአገው ምድርማ መንገድ ላይ የተገናኘን ሁሉ የማን ልጅ እንደሆንን እስከ ሰባት ቤት ካልቆጠርን ሰላም የተባባልን አይመስለንም። ያልቆጠረ ባለጌ ነው። የቆጠረስ? እኔን እዩኝ!

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ባሌ ሞቶ ሦስት ልጆች የማሳድገው በቅቤ ነበር። ቅቤዬን በቀርቀሃ ማኅተም ተጭኜ በኮባ እጠቀልለዋለሁ። ማኅተሙን ሰባት ጥርስ አውጥቼ የቀረጽሁት ራሴ ነኝ፤ ፊደል ባልቆጥርም ጥርስ እቆጥራለሁ። ጎረቤቴ አያ ካሴ በፈረሱ ጭኖ ዳንግላ ምግብ ቤት ላላቸው ለወይዘሮ የሻረግ ያደርስልኛል። እሳቸው ስሜንና ማኅተሜን እንጂ ፊቴን አያውቁም።

በዐቢይ ጾም አንድ ቀን ከእንጅባራ ገበያ ስመለስ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ከአንዲት ቀይ ሴት ጋር ጥላ ሥር አረፍን። «የማን ልጅ ነሽ፣ እታለም?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመኝ! አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ የእኔስ ጓዳዬ ጭምር ታየ። ሰባት ቤቴን ቆጠርሁላት። አያ ካሴ እግሩን ታሞ መተኛቱን፣ የዳንግላ ደንበኛዬን ሁሉ ነገርኋት። ማኅተሙንም ከጉያዬ አውጥቼ አሳየኋት። «እጅሽ ይባረክ!» እያለች ጥርሱን በጣቷ ዳሰሰችው። ለካ እየቆጠረችው ኖሯል! እኔ ሞኟ ተደነቅሁ ብዬ አንገቴን አቀናሁ።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅቤዬን ራሴ ተሸክሜ ዳንግላ ገባሁ። «እሜቴ፣ ጥሩነሽ ነኝ» ብል ወይዘሮ የሻረግ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ጥሩነሽማ ባለፈው ቅዳሜ መጥታ ቅቤዋን ከነማኅተሙ አስረክባኝ ሄደች። ዘሯንም ቆጥራልኛለች። አንቺ ሌባ!»

እኔ! የገዛ ስሜ ሌባ! ሰባት ቤቴን ብቆጥር «ከሷ ሸምድደሽ!» ማኅተሜን ባወጣ «አስመስለሽ ቀርጸሽ!» የቤቱ ሰው ከበበኝ፤ «ዳኛ ዘንድ ትወሰድ!» አለ አንዱ። እንግዲህ ዳንግላ ላይ የጥሩነሽን ቅቤ ማን ይገዛል? ልጆቼስ ምን ይበላሉ?

የዚያችኛዋ ቅቤ ንጹሕ እንዳልሆነ ጠረጠርሁ፤ ይቀመስ እንዳልል ግን ጾም ነው። ያቺ ሰይጣን ጾሙን የመረጠችው ለዚሁ ነዋ! እስከ ፋሲካ ማን አፉ ያገባዋል?

«እሜቴ፣ እሳት አይጾምም! ለፋሲካ ማንጠርዎ አይቀር፤ ሁለቱንም አሁኑኑ ያንጥሩት!» አልሁ።

ሁለት ድስት ተጣደ። የእኔው እንደ ማር ጠራ። የሷ ግን ድስቱ ሥር ምን ቢገኝ ጥሩ ነው? የተቀቀለ ድንች!

«በይ፣ የማውቀው ቅቤ ይኸ ነው፤ ጥሩነሽስ አንቺው ነሽ» አሉኝ ወይዘሮ የሻረግ፣ ዐይናቸውን ሰብረው። አያችሁ ጉድ! እናቴ ያወጣችልኝን ስም ድስት መስክሮ መለሰልኝ።

እንደ ተናደድሁ አገሬ ስመለስ ጥርባ ሐይቅ አጠገብ አንዲት ሴት ደግሞ «የማን ልጅ ነሽ?» አትለኝም!

«የመንገድ ልጅ!» ብዬ ጥያት ሄድሁ።

ኋላ ቤቴ ደርሳ ስንተያይ፣ ለካ ያጎቴ ልጅ ኖራለች፤ መቸገሬን ሰምታ ዘመዶቼ ካሉበት ከግምጃ ቤት እኔኑ ልትጠይቅ ስትመጣ። ያልሁትን ለዘመድ አዝማድ አዳረሰችው። ይኸው ዳንግላ ላይ «ባለቅቤዋ ጥሩነሽ» ነኝ፤ ግምጃ ቤት ለቅሶ በሄድሁ ቁጥር ግን «ዘሯን የካደችው መጣች» ይሉኛል።

ይህንን ስም የሚሰርቀኝ ሌባ እስካሁን አልተገኘም።